ከውርጩ በፊት የተቆፈረው ጉድጓድ

ቶሮንቶ፤ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2013

ይድረስ ለወንድሜ ለኦሬስት፤

ለጉልበትህ ጤና፣ ለበጎችህ ሣር፣ ለጣሪያህ ጥገና እየተመኘሁ፣ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ስልክ ደውዬልህ ነበር፤ ያው እንደ ልማድህ «ማነው? ምን?» ብለህ ዘጋህብኝ። ጆሮህን ታከም እያልኩ ስንት ዓመት ለመንኩህ! እንግዲህ ደብዳቤ ጆሮ አያስፈልገውምና እንጻጻፍ።

ቅዳሜ ዕለት ዳኒሎ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሞላው። ከጎረቤቴ ከማርጎ ጋር ሆነን ጓሮ ውስጥ ደገስንለት። ኬኩን በዶሮ ጉበትና በካሮት ጋገርኩለት። ማርጎ የወረቀት ባርኔጣ አመጣችለት፤ እኔ ሰማያዊ ሹራቡን አለበስኩት፤ በዚያች በሚወዳት የአበባ ሳሙናም አጥቤው ነበር። ፎቶውን ፖስታው ውስጥ ታገኘዋለህ።

ከስቶ ከታየህ አልተሳሳትክም። ኩላሊቱ ደክሟል አሉኝ። ሐኪሟ በየሁለት ቀኑ ከቆዳው ሥር ግሉኮስ እንድሰጠው አስተማረችኝ። መጀመሪያ ቀን መርፌውን የራሴው እጅ ላይ ሰካሁት፤ አሁን ግን ነርስ ሆኛለሁ። የኋላ እግሮቹም ስለሚከዱት የሕፃን ጋሪ ገዛሁለት፤ በሱ እየገፋሁ መናፈሻ አደርሰዋለሁ። ሰው ጎንበስ ብሎ ሕፃን አገኛለሁ ሲል ጢማሙን ያገኛል፤ ሳቅ ነው። ባለቤቴ ቦህዳን ከሞተ ወዲህ ይህ ቤት ሰው የሚኖርበት የመሰለው በሱ ነው፤ እሱን የላክህልኝ አንተ ነህና ሁልጊዜ እመርቅሃለሁ።

ወንድሙስ ሲርኮ እንዴት ነው? ቀዩ የአንገት ሹራብ ደርሶት ይሆን? አድርገህለት ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። እባክህ ዘንድሮ እንኳ ቤት አስገባው፤ አርጅቷል።

እህትህ ዳርካ። ዳኒሎም እጅ ይነሣል።


ቬሰሊቭካ፣ ሳስካችዋን፤ ኦክቶበር 6 ቀን 2013

ለእህቴ ለዳርካ፤

የአባታችን ምርቃት ከደጃፍሽ አይራቅ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዘግይቼ የምመልሰው አጨዳ ላይ ስለነበርኩ ነው። ፎቶውን አየሁት፤ ባርኔጣውንም አየሁት። ለበጎቹ አላሳየኋቸውም፤ ለውሻ ያላቸው ክብር እንዳይቀንስ ብዬ።

ቀዩን ሹራብ ለሲርኮ አሰርኩለት። ከደጃፉ ተነሥቶ በጎቹ ከሚያድሩበት ጎተራ ሳይደርስ በጥርሱ አወለቀው። የምሥራቁን በር አስሬበታለሁ፤ ጥሩ ሹራብ ነው፤ ይይዛል።

ሲርኮ ግራ ዓይኑ ደመና ለብሷል። ጠዋት ጠዋት ግን ዛሬም ከበጎቹ ኋላ እስከ በሩ ይሄዳል። እውነቱን ልንገርሽ፣ አሁን የሚነዳው እሱ አይደለም፤ በጎቹ መንገዱን ያውቁታል። እሱ ግን እኔ ነዳሁ ብሎ ደረቱን ነፍቶ ይመለሳል፤ እኔም «ጎበዝ» እለዋለሁ። ቤት አስገባው ትያለሽ። ቤት ውስጥ ምን ሥራ አለው? ምድጃ ዳር ተኝቶ እኔን ሲጠብቅ ሊውል? ገለባ ላይ ነው የሚተኛው፤ በጎቹ በትንፋሻቸው ያሞቁታል።

አትቀየሚኝና አንድ ነገር ልበልሽ። «ልጄ» ስትይው ከፍ ያደረግሽው ይመስልሻል። ልጅ ያድጋል፣ ይከራከርሻል፣ አግብቶ ይሄዳል። ውሻ አፍንጫ አለው፣ አራት እግር አለው፣ አንቺ አለሽው፤ ሌላ ዓለም የለውም። አፍንጫውን በአበባ ሳሙና ደፈንሽበት፣ እግሩን በጋሪ ተካሽበት፤ ታዲያ አንቺ ብቻ ቀረሽለት። ለአንድ ፍጡር አንድ ሰው ብቻውን አይበቃም። ውሻን እንደ ውሻ መያዝ ንቀት አይደለም፤ እኔ ከሲርኮ የማከብረው ሰው በዚህ መንደር የለኝም።

ሌላው ወሬ፣ በዚህ ሳምንት ከነፋስ መከላከያው ዛፎች ሥር ጉድጓድ ቆፈርኩ። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እዚህ ያረጀ ውሻ ያለው ሰው ከውርጩ በፊት ቆፍሮ ሣንቃ ይከድንበታል። ኖቬምበር ከገባ መሬቱ ብረት ነው፤ እስከ ኤፕሪል አካፋ አይቀበልም። ሰፋ አድርጌ ነው የቆፈርኩት። ሁለቱ ከአንድ ማኅፀን ስለወጡ ለሁለቱም ይበቃል። ያንቺውም ጊዜው ሲደርስ አታሰቃዪው፤ ወደዚህ አምጪው።

ወንድምሽ ኦሬስት


ቶሮንቶ፤ ኦክቶበር 15 ቀን 2013

ኦሬስት፤

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

ገና ለሚተነፍስ፣ ዛሬ ጠዋት ከእጄ ለበላ ነፍስ ጉድጓድ ቆፈርክለት። ቆፍረህም ዝም አላልክ፤ ስፋቱን ጻፍክልኝ። ደብዳቤህን ሳነብ እግሬ ላይ ተኝቶ ነበር። ዓይኑን ሸፈንኩት፤ ማንበብ የሚችል መስሎኝ። ሳቅብኝ ከፈለግህ።

ሚስት አላገባህ፣ ልጅ አልሳምክ። ሰባ ሦስት ዓመት ከበግና ከበረዶ ጋር ስትኖር ልብህ አብሮ ደረቀ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ስሙን ጠርተኸው አታውቅም። «ያ ውሻሽ»፣ «ያንቺው»። ቡችላ ሳለ ቡራቡሬ ነው ብለህ ያወጣህለትን «ሪያብኮ»ን ስለተውኩት ነው? ስሙ ዳኒሎ ነው። ሦስት ቀን ብቻ በምድር የቆየው የልጄ ስም ነው። ያንን ስም የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው ከኔና ካንተ በቀር የለም፤ አንተ ደግሞ አንደበትህ ላይ ማሳደር ተጸየፍከው።

ጉድጓድህን ራስህ ተኛበት። እኔ እስክጽፍልህ አትጻፍልኝ።

ዳርካ


ቬሰሊቭካ፤ ኖቬምበር 10 ቀን 2013

ለዳርካ፤

እግዚአብሔር ቁጣሽን ያብርድልሽ፤ ጤናሽን ግን ይጠብቅልሽ።

አትጻፍ ብለሽኝ ጻፍኩ። አራት ወረቀት አበላሽቼ ይህ አምስተኛው ነው። በግ መሸለት እንጂ ሰው ማባበል አላውቅም። የሰደብሽኝን ሁሉ ደግሜ አነበብኩት፤ ሚስት አለማግባቴ እውነት ነው፤ ልጅ አልሳምክ ያልሽው ግን እውነት አይደለም። አንድ ጊዜ ስሜያለሁ።

ስለዚያ ጉድጓድ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ፤ ጀምሬ ተውኩት። ሆዴ ይፍጀው።

ትናንት በረዶው ገባ። ሣንቃውን ከድኜ ገለባ ከመርኩበት። አፈሩንም በውርጭ እንዳይጠጥር በርሜል ውስጥ አድርጌ ከበጎቹ ጋር ጎተራ አስገባሁት። ይህንንም መጻፍ አልነበረብኝም ይሆናል።

ለውሻሽ፣ ለሱ፣ ሰላም በይልኝ።

ኦሬስት


(ከቶሮንቶ የተላከ የበዓል ካርድ፤ ዲሴምበር 20 ቀን 2013። ከፊት የዳኒሎ ፎቶ፣ ከውስጥ የታተመ «መልካም በዓል»። ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ፦)

ዳርካ እና ዳኒሎ።

የኛው ገና ሲደርስ ለእንስሳቱ የገናውን ንፍሮ፣ ኩትያውን፣ ስታወጣ ለሲርኮ በኔ ስም አንድ ማንኪያ ጨምርለት።


ቬሰሊቭካ፤ ጃንዋሪ 9 ቀን 2014

ክርስቶስ ተወለደ!

እህቴ ዳርካ፣ የልደቱ ብርሃን ቤትሽን ይሙላው። ካርድሽን ምድጃው ላይ አቁሜዋለሁ፤ ደጋግሜ አየዋለሁ።

የገና ዋዜማን ብቻዬን ነው የዋልኩት። ዐሥራ ሁለቱን ዓይነት ምግብ ማን ይሠራልኛል? አራት አደረስኩት፤ ቀሪውን እግዚአብሔር ያውቃል። ኩትያዋን ግን እንደ እናታችን አድርጌ ሠራኋት፤ ስንዴዋን ቀቅዬ፣ ማሩን አፍስሼ፣ የፓፒ አበባ ፍሬውን ጨምሬ። የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትወጣ እኔ ሳልቀምስ ሳህኑን ይዤ ወደ ጎተራው ወጣሁ። አባታችን «ጌታ ሲወለድ አጠገቡ የነበሩት እነሱ ናቸው፤ ቀድመው ይብሉ» ይል አልነበር? በጎቹን በየተራ አቀመስኳቸው። ለሲርኮ በራሴ አንድ ማንኪያ፣ በስምሽ አንድ ማንኪያ ሰጠሁት። አሸተተው፤ አልበላም። ላለማሳፈር ብሎ ይመስለኛል፣ ጣቶቼን ላሰልኝ።

በማግስቱ በገናው ጠዋት ጎተራው ውስጥ አጣሁት። በበረዶው ላይ ራሱን እየጎተተ ሄዶ በሩ ዘንድ ተኝቶ አገኘሁት፤ የበጎቹ መውጫ ሰዓት ደርሶ ነበራ። ሊነሣ ሞከረ፤ አልቻለም። አየኝ። ሥራውን ስላልጨረሰ ያፈረ ይመስል ነበር።

በጎቹን አወጣሁለት። አንድ በአንድ በፊቱ አለፉ። የመጨረሻዋ ስታልፍ «ጎበዝ፣ ጨረስክ» አልኩት። ከዚያ አባታችን እንዳስተማረን በጠመንጃው ራሴው አሳረፍኩት፤ ሌላ ሰው አልጠራሁም። ግራ እጄን እያሸተተ፣ ወደ በጎቹ እያየ ነው። ተኩሱን አልሰማውም፣ አልተሰማውም።

ጉድጓዱ ዝግጁ ነበረ። ግማሹን ብቻ ነው የሞላሁት። አለቀስኩ፤ ለምን እደብቅሻለሁ? ያየኝ በግ ብቻ ነው።

ያንቺው እንዴት ነው? እውነቱን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ኦሬስት


ቶሮንቶ፤ ጃንዋሪ 21 ቀን 2014

ለ«ክርስቶስ ተወለደ» መልሱ፦ አክብሩት!

ወንድሜ ኦሬስት፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ለሰው ሞት የሚባለውን ነው የምልህ፤ ለሲርኮ ይገባዋል። ደብዳቤህን ማድ ቤት ቆሜ አንብቤ ማድ ቤት ቆሜ አለቀስኩ። ስለ ልብህ የጻፍኩትን ቅደድልኝ።

እውነቱን ጻፊ አልከኝ። ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርህ እንግዲህ።

ግሉኮሱ አሁን ጠዋትና ማታ ሆኗል። ምግብ በራሱ መብላት ካቆመ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ፈጭቼ በመርፌ ቀፎ በጉንጩ በኩል እገፋለታለሁ፤ ግማሹን ይተፋዋል። ዳይፐር አደርግለታለሁ። ጅራቱ ከተንቀሳቀሰ ቆይቷል። ድሮ ኮቴዬን ሲሰማ ይሮጥ የነበረው አሁን መርፌውን ይዤ ስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ኦሬስት፣ ከኔ ነው ፊቱን የሚያዞረው።

ባለፈው ማክሰኞ ሐኪሟ፣ ልጅ እግር ናት፣ ስቴቶስኮፗን አንገቷ ላይ አድርጋ «ወይዘሮ ዳርካ፣ ይህን ሁሉ የምናደርገው ለማን ነው?» አለችኝ። በሩን አላትሜባት ወጣሁ። ማርጎ ደግሞ «ጓደኛዬ፣ ይበቃዋል» ስላለችኝ ተቀያይመናል። ደግ ነገር የተናገረኝን ሁሉ አባረርኩ፤ አንተን ጨምሮ።

አየህ፣ ልጄ የሞተ ጊዜ እኔ ሆስፒታል በትኩሳት ተኝቼ ነበር። ልጄን አላጠብኩትም፣ አልጠቀለልኩትም፣ ሲቀበርም አላየሁም። ቦህዳን መጥቶ «አለቀ» አለኝ፤ ከዚያ እስኪሞት ድረስ ስለዚያ አንድ ቃል አልወጣውም። እኔም አልጠየቅሁም። አባታችንና እናታችን ሲቀበሩ ጫማዬ በጭቃ ይበላሻል ብዬ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ የቆምኩት ለምን ይመስልሃል? ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንን አጥር አልፌ አላውቅም። ለዚያኛው ምንም አላደረግሁምና ለዚህኛው ሁሉን ላድርግ አልኩ። ሹራቡም፣ ኬኩም፣ ጋሪውም፣ መርፌውም እሱ ነው።

አሁን ሁሉን አድርጌ ጨረስኩ። እሱ ግን ያየኛል። ምን እንደሚለኝ አላውቅም። አንተ የውሻ ነገር ታውቃለህ። ቢያስቆጣኝም ንገረኝ።

እህትህ ዳርካ


ቬሰሊቭካ፤ ጃንዋሪ 30 ቀን 2014

እህቴ፤

እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ነው የምመልሰው።

ምን እንደሚልሽ ጠየቅሽኝ። ውሻ ብዙ አይናገርም። «ደክሞኛል፤ ልተኛ?» ነው የሚልሽ። ፈቃድ ነው የሚጠይቅሽ። የኛ ዘር ውሾች በግ ሲጠብቁ ውለው እግራቸው ቢደማ እንኳ «ጨረስክ» ካልተባሉ አይተኙም። ያንቺው መናፈሻ ለመናፈሻ ቢንሸራሸርም ደሙ ያው ነው። አንቺ ደግሞ ጨረስክ አላልሽውም።

አሁን የተውኩትን ነገር ልናገር። ልጅሽ የሞተው በፌብሩዋሪ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች አርባ ደርሶ ነበር። በኛ ልማድ እንዲያ ባለው ወር የሞተ ሰው በሣጥን ሆኖ መሬቱ እስኪፈታ ጎተራ ይጠብቃል፤ ታውቂዋለሽ። አባታችንም «ትንሽ ናት ሣጥኗ፤ ከአጃው ጋር ትቆይ» አለ። በክፋት አይደለም፤ ሁሉም እንዲያ ነው የሚያደርገው። እኔ ግን እንቢ አልኩ። ዳርካ ከሆስፒታል ወጥታ የት አለ ብትለኝ ከአጃው ጋር ነው ልበላት?

በርሜል ለሁለት ሰነጠቅሁና መሬቱ ላይ ደፋሁት። ከሥሩ ገለባና ከሰል አነደድኩ። አንድ ስንዝር ሲለሰልስ እቆፍራለሁ፤ ደግሞ አነዳለሁ። ሁለት ቀን ፈጀ። ቦህዳን ሣጥኗን ጭኑ ላይ አድርጎ የበረዶ ሸርተቴው ላይ ተቀመጠ፤ ስጠኝ ስንለው አይሰጥም፣ ግባ ስንለው አይገባም። አባታችን «ለዚህች ይበቃል፤ ተው» አለኝ፤ እኔ ግን የትልቅ ሰው ጥልቀት ቆፈርኩ። የግራ እጄን ሁለት ጣቶች ውርጭ የበላብኝ ያን ጊዜ ነው። የከብት ውኃ በረዶ ስሰብር ነው ብዬ ዋሸሁ፤ አንቺም እስከ ዛሬ የምታውቂው ያንን ነው። ከመክደናችን በፊት ግንባሩን ሳምኩት። ልጅ አልሳምክ ስትይኝ የመለስኩልሽ ይኸንን ነው።

ከዚያ ወዲህ በኔ ደጅ የሚሞት ነፍስ ጉድጓድ አይጠብቅም ብዬ ማልሁ፤ በግም ይሁን ውሻ። ኦክቶበር ሲመጣ አካፋ የማነሣው ፈርቼ ነው። ልብሽን ለመስበር አልነበረም።

ስለዚህ ስሚኝ። ልጅሽ የልጅ የሆነውን ሁሉ አግኝቷል። ነርሷ አጥምቃዋለች፣ አባቱ አቅፎታል፣ መቃብር አለው፣ መስቀሉ ላይ ስሙ አለ፤ በየዓመቱ ቀለም የምቀባው እኔ ነኝ። ምንም አልጎደለበትም። አንቺም ምንም አላጠፋሽም፤ ታመሽ ነበር። የሱን ሥቃይ ማሳጠር ለማንም አልተሰጠም። ለውሻ ግን ይህች አንዲት ነገር በእጃችን ተሰጥታለች። ልጄ ነው ብለሽ ከነፈግሽው ለውሻ የተሰጠውን ምሕረት ነፈግሽው።

እንዲህ አድርጊ። መርፌውን ተይው። ሹራቡንና ዳይፐሩን አውልቂለት። አንድ ቀን ውጭ አውጪውና የፈለገውን ያሽትት፤ የሚያሸተውን እንዳትመርጪለት። ከዚያ ያችን ልጅ እግር ሐኪም ይቅርታ ጠይቀሽ ጥሪያት። ጭንቅላቱን አንቺው ያዢ። ሳይጨርስ እንዳታለቅሺ፤ ካለቀስሽ ጥፋት ያጠፋ ይመስለዋል። «ጨረስክ» በይው።

ከዚያ ወደዚህ አምጪው። ቦታው አለ።

ወንድምሽ ኦሬስት


ቶሮንቶ፤ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2014

ውድ ወንድሜ ኦሬስት፤

እጅህን ልሳም፤ ያችን የግራ እጅህን።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ከአልጋ አልወጣሁም። ዳኒሎም አጠገቤ ነበር። መርፌውን አልያዝኩምና ፊቱን አላዞረም። በሦስተኛው ቀን ማርጎን ጠራኋት፤ «አሁን ነው የምትጠሪኝ?» አለችና መኪናዋን አስነሥታ መጣች። ሐይቁ ዳር ወሰድነው። ብርዱ ትንሽ ሰበር ብሎ ነበር። ሹራቡን አወለቅሁለት። አጥንቱ ሁሉ ወጥቶ ይቆጠራል፤ ለካ ሹራቡ ሲደብቅ የኖረው ከኔ ነው።

አሸዋው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ አፍንጫው መሥራት ጀመረ። እየተንገዳገደ ሄደ፤ እኔም ልደግፈው እጄን ዘርግቼ መለስኩት። ማዕበል የጣላት የሞተች ዓሣ አገኘ፤ የሸተተች፣ ዓይኗ የፈሰሰ። ምን ያደረገ ይመስልሃል? አንገቱን ጣለባት! ተንከባለለባት ኦሬስት! አራቱንም እግሩን ወደ ሰማይ አድርጎ። ማርጎ «እግዚኦ!» ብላ አፍንጫዋን ያዘች። ዐሥራ ሦስት ዓመት እንዲህ ሊያደርግ ሲል «ነውር ነው» እያልኩ ጎትቼ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ሲነሣ እንደ ሬሳ ሸተተ፤ ጅራቱ ግን ተወዛወዘ። የሐይቁ ዝይዎች ላይም አንድ ጊዜ ጮኸባቸው፤ ድምፁን ረስቼው ነበር። ኩራቱን ብታይ!

ሳላጥበው አብሬው አደርኩ። ቤቱ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይል ነበር።

በማግስቱ ሐኪሟ ቤት ድረስ መጣች። ይቅርታ ልጠይቃት ስል ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። ጓሮ በረዶው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደረግሁ። አላለቀስኩም። እንዳልከኝ «ጎበዝ ውሻ፤ ጨረስክ» አልኩት። «ውሻ» ብዬ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። የከፋው አልመሰለኝም። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ክብደቱን ሁሉ ጣለብኝ። ከዚያ ግን አለቀስኩ፤ ለሁለቱም አንድ ላይ። ጎረቤት መስኮት ከፍቶ እስኪያይ ድረስ።

ማክሰኞ እነሣለሁ። መኪናውን ራሴ ነድቼ ነው የምመጣው፤ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። እሱ ከኋላ በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ ነው፤ ብርዱ እንደሆነ ራሱ በረዶ ቤት ነው። ሣንቃውን አንሣልኝ።

ሁለት ነገር ልለምንህ። ሣንቃ ላይ ስሙን ስትጽፍለት «ሪያብኮ» በልልኝ፤ አንተ ያወጣህለትን። ያኛውን ስም ለባለቤቱ ልመልስ። ሁለተኛው፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ዘንድ ስንደርስ እጄን ያዘኝ። ዘንድሮ ጫማዬ ቢበላሽ ይበላሽ።

እህትህ ዳርካ


ቬሰሊቭካ፤ ኤፕሪል 27 ቀን 2014

ክርስቶስ ተንሥአ!

እህቴ ዳርካ፣ የትንሣኤው ደስታ ካንቺ አይለይ። በደህና መግባትሽን ማርጎ በጻፈችልኝ ካርድ ሰማሁ። የማላውቃት ሴት «ወንድሜ ኦሬስት» ብላ ጻፈችልኝ፤ ደስ አለኝ።

በረዶው ቀልጧል። ግልገሎች ተወልደዋል፤ ሠላሳ አንድ ናቸው፤ ጠባቂ ስለሌለኝ ራሴው እሮጥባቸዋለሁ፤ ይስቁብኛል። ለፋሲካ መቃብሮቹን ባርከናል። ልጅሽ ዘንድ ያስቀመጥሽው ነጭ ጓንትሽ በረዶው ሲቀልጥ ወጣ፤ አልነካሁትም። እዚያ በፌብሩዋሪ ብርድ ተንበርክከሽ ስንት ሰዓት እንደቆየሽ አንቺ አታውቂውም፤ እኔ ግን ጣቶቼ ነግረውኛል።

አሁን የምናዘዝልሽ ነገር አለኝ። «ሪያብኮ» ብለህ ጻፍ ብለሽኝ ነበር። ሣንቃውን አለስልሼ፣ ቀለሙን በጥብጬ፣ ብሩሹን አነሣሁ። እጄ እንቢ አለኝ። ያ ውሻ ሪያብኮ የሚባል ስም አያውቅም። ለውሻ ስም ማለት ሰምቶ የሚመጣበት ድምፅ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ውሻን እንደ ውሻ ያዢው እያልኩ ስጮህብሽ ኖሬ፣ ቢጠሩት የማይመጣበትን ስም ብጽፍበት የራሴን ቃል መብላት ነው።

ሌላም አለ። ልጅሽ ሦስት ቀን ነው የኖረው። በስሙ ተጠርቶ ዘወር አላለም፣ አልሮጠም። እኔ በየዓመቱ ቀለም ስቀባው ያ ስም ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ባንቺ ደጅ ግን ዐሥራ ሦስት ዓመት በየቀኑ ተጠራ፤ በተጠራም ቁጥር የያዘውን ጥሎ ወደ አንቺ የሮጠ ፍጡር ነበረ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የዚያን ሕፃን ስም ያዋለለት እሱ ነው። እኔ አጉል ኩሩ ሆኜ አንድ ቀን ሳልጠራው ሞተ።

ስለዚህ «ዳኒሎ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «ውሻ» ብዬ ጨመርኩ፤ ማዕረጉ ነው። ከሲርኮ ጎን ተክዬዋለሁ።

ተክዬ ስጨርስ ጮክ ብዬ ጠራሁት፤ «ዳኒሎ!» ብዬ። በጎቹ ቀና ብለው አዩኝ። ትንሽ ቆሜ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም።

ወንድምሽ ኦሬስት